«ኬልቄዶን» ብዬ ጽፌ ዜሮ አገኘሁ

እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? ዓምድዎን የማነበው ሌሊት ሥራ ላይ ሆኜ ነው። የ41 ዓመት ሴት ነኝ። አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቻችን ጋር እኖራለሁ። ከመጣን 9 ዓመት ሆነን፤ ትልቁ ልጄ ከእኛ ጋር የመጣ ነው፣ ትንሿ እዚህ ተወለደች። ሌሊት ሌሊት በአረጋውያን መጦሪያ ረዳት ሆኜ እሠራለሁ። ነርስ ለመሆን አስቤ ባለፈው ዓመት ኮሌጅ ገባሁ። ከሚጠየቁት ኮርሶች አንዱ የታሪክ ነው። ሰዓቱ ስለተመቸኝ ብቻ «የምዕራቡ ዓለም ሥልጣኔ ታሪክ፣ ከጥንት ጀምሮ» የሚለውን መረጥኩ። ምን እንደመረጥኩ የገባኝ መጽሐፉን ስሸከመው ነው።

በመጀመሪያው ፈተና ከ100 ነጥብ 54 አገኘሁ። ከጥያቄዎቹ አንዱ 508፣ 451 እና 399 የሚሉ ዓመታት ዘርዝሮ «አንዱን መርጣችሁ አብራሩ» ይላል። 451ን ሳይ ደስ አለኝ፤ ቤተ ክርስቲያን የተከፈለችበት የኬልቄዶን ጉባኤ ነዋ! ስለ ሮማው ጳጳስ ልዮን፣ ስለ እስክንድርያው አባታችን ዲዮስቆሮስ፣ ጥርሳቸው እንደረገፈ፣ ጽሕማቸው እንደተነጨ፣ ያንን ሰብስበው ወደ እስክንድርያ እንደላኩት ገጽ ሙሉ ጻፍኩ። ለካስ ከገጹ አናት ላይ «ሁሉም ከክርስቶስ ልደት በፊት» የሚል ጽሑፍ አለ። መምህሩ ዜሮ ሰጠኝና ከጎኑ በቀይ «ይህን ከየት አገኘሽው? መጥተሽ አነጋግሪኝ» ብሎ ጻፈበት። ከስልክ የገለበጥኩ መስሎት ይሆናል ብዬ እስካሁን አልሄድኩም። ሁለት ሳምንት ሆነኝ፤ ከኋላ እየተቀመጥኩ ዓይኑን እሸሻለሁ። አብረውኝ የሚማሩት የ19 እና የ20 ዓመት ልጆች ናቸው። «ምን ይመስላችኋል?» ሲባል እጃቸው ቀድሞ ይወጣል። እኔ የሚመስለኝን ተጠይቄ አላደግኩም።

ባለቤቴ «ታሪክ እንጀራ አይሆንሽም፤ ተዪውና ቀለል ያለ ነገር ውሰጂ» ይላል። የ15 ዓመቱ ልጄ ውጤቴን አይቶ ሳቀ። የማኅበር እህቴ ደግሞ «የራስሽን ሳትጨርሺ የጣዖት አምላኪ ታሪክ ምን ያደርግልሻል?» አለችኝ። ኮርሱን ለማቋረጥ የቀረኝ 11 ቀን ነው።

አንድ ነገር ግን ለማንም አልተናገርኩም። ትምህርቱ ደስ ይለኛል። ባለፈው ሳምንት አረጋውያኑ ተኝተው የሶቅራጥስን ፍርድ ሳነብ የጥሪው ደወል ጮኸና ተናደድኩ። በሥራዬ ተናድጄ አላውቅም ነበር። ልተወው ወይስ ልቀጥል?

ሌሊት አንባቢዋ፣ ከቨርጂኒያ

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በመጀመሪያው ንባብ ጉዳዩ የ54 ነጥብ ጉዳይ መስሎኝ ነበር። በሁለተኛው ግን እንቅልፍ የነሳሽ በቀይ የተጻፈው መስመር እንደሆነ ገባኝ። ከእሱ እንጀምር።

እኛ ባደግንበት ትምህርት ቤት መምህር «ይህን ከየት አመጣሽው?» ካለ ነገር አለ ማለት ነው፤ ቀጥሎ የሚመጣው «ወላጅ ይዘሽ ነይ» ነው። እኔም 26 ዓመት ታሪክ ሳስተምር ይህንኑ አነጋገር ለማስፈራሪያ ተጠቅሜበታለሁ፤ አልደብቅሽም። ግን እስኪ ለአንድ አፍታ በመምህርሽ ወንበር ተቀመጪ። ሠላሳ አርባ ወረቀት አርሟል። ሁሉም ከአንድ መጽሐፍ የተጨለፈ፣ አንዱ ከሌላው የማይለይ። ድንገት አንዱ ወረቀት ላይ ገጽ ሙሉ ታሪክ ያገኛል። የተጠየቀው እሱ አይደለም፤ ሆኖም በመማሪያ መጽሐፉ ውስጥ የሌለ ታሪክ ነው። የምዕራብ መጻሕፍት ስለ ኬልቄዶን ሲጽፉ ንጉሠ ነገሥቱ መርቅያን ጉባኤውን እንደጠራ፣ የልዮን ደብዳቤ ተቀባይነት እንዳገኘ፣ ዲዮስቆሮስ ከመንበሩ ተሽሮ ወደ ጋንግራ እንደተጋዘ ይነግሩሻል። የረገፈውን ጥርስና የተነጨውን ጽሕም ጠብቀው ያቆዩት የእስክንድርያ ልጆችና እኛ ነን። ታዲያ መምህሩ «ከየት አገኘሽው?» ቢል ምን ይገርማል? ደግሞስ ከስልክ የሚገለብጥ ሰው የተሳሳተ መልስ ገጽ ሙሉ ይገለብጣል? ሌባ እኮ የሚሰርቀው ትክክለኛውን ነው።

ተሳስቼ ይሆናል፤ በእርግጥ ጠርጥሮሽም ይሆናል። ያኔም ቢሆን የሚያዋጣሽ መሄድ ነው፤ ሁለት ሳምንት የሸሸ ሰው ያላደረገውን ያደረገ ይመስላልና። እዚያ አገር የኮሌጅ መምህራን ተማሪ የሚያነጋግሩበትን ሰዓት ለይተው ያስታውቃሉ፤ በኮርሱ መግለጫ ወረቀት ላይ ታገኚዋለሽ። ደጅ መጥናት አይደለም፤ የከፈልሽበት ሰዓት ነው። ስትገቢ ይቅርታ አታብዢ። «ከላይ ያለውን ጽሑፍ ሳላየው ቀረሁ። የጻፍኩት በቤተ ክርስቲያናችን የሚነበብ ታሪክ ነው፤ ከልጅነቴ ጀምሮ የሰማሁት ነው» በዪው። ከዚያ ዝም በይና እሱ ይናገር።

አሁን ወደ 451 ልመለስ። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ ከእኛው ጋር ካደባለቅናቸው ሁለታችንም እንጠፋለን።) መምህርሽ የፈለገው ከክርስቶስ ልደት በፊት ያለውን 451 ነው። በዚያ ዓመት አቴናውያን በመሪያቸው በፔሪክልስ አሳሳቢነት አንድ ሕግ አወጡ፤ አባቱና እናቱ ሁለቱም አቴናውያን ካልሆኑ በቀር ማንም ዜጋ አይሆንም የሚል። ከዚያ በፊት የአባት ብቻ ይበቃ ነበር። ሕጉን ያመጣው ሰው ራሱ በኋላ ከሚሊጢን ከመጣችው ከአስፓሲያ ልጅ ወለደ። ሁለቱ ሕጋውያን ልጆቹ በከተማዪቱ በገባው ወረርሽኝ ሲሞቱበት፣ ያ የመጤዋ ልጅ ዜጋ እንዲሆንለት የአቴናን ሕዝብ ለመለመን በቃ። ፈቀዱለትም።

በዚያች ከተማ ሜቲክ የሚባሉ ሰዎች ነበሩ፤ ከሌላ ቦታ መጥተው የሚኖሩ። ይነግዳሉ፣ ይሠራሉ፣ በጦርነት ጊዜ ይዘምታሉ። ወንዱ በዓመት 12 ድራክማ፣ ራሷን ችላ የምትኖር ሴት ደግሞ 6 ድራክማ የመጤ ግብር ትከፍላለች። በጉባኤ ድምፅ አይሰጡም፤ ልዩ ፈቃድ ካልተሰጣቸው በቀር መሬትና ቤት መግዛት አይችሉም። አርስጣጣሊስ ሳይቀር ከስታጊራ የመጣ ሰው ስለነበር በአቴና የኖረው እንደ ሜቲክ ነው። ከሜቲኮቹ በታች ደግሞ ምንም የሌላቸው ባሪያዎች ነበሩ። አቴናዊት ሴትም ብትሆኚ ልጅሽን ዜጋ ታደርጊያለሽ እንጂ ራስሽ ጉባኤ ላይ እጅ አታወጪም።

ዜግነት ወስደሽ እንደሆነ አልጻፍሽልኝም። ብትወስጂም ያልወሰድሽባቸውን ዓመታት አትረሺያቸውም፤ ግብር ትከፍያለሽ፣ በምርጫ ቀን ግን ሌላው ሲሰለፍ አንቺ ወደ ሥራሽ ታልፊያለሽ። ይህን ዕጣ ከፊትሽ ከሚቀመጡት የ19 ዓመት ልጆች ስንቶቹ ቀምሰውታል? መምህሩ «ምን ይመስላችኋል?» ሲል የሚጠብቀው አንዳንዴ ይህንኑ ነው። የሚመስልሽን ተጠይቀሽ ባታድጊም የኖርሽውን ግን ታውቂያለሽ። በሚቀጥለው ክፍል አንድ ጊዜ ብቻ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ለመናገር ሞክሪ። የመጀመሪያዋ ድምፅ ትንቀጠቀጣለች፤ ትንቀጥቀጥ።

ይህን ሁሉ ያልኩት አቴናን ላስተምርሽ አይደለም። ከ2,000 ዓመት በላይ የሆነ ታሪክ በአንድ ወሰነ ትምህርት ልትውጪ ስትሞክሪ እንደታነቅሽ ስለገባኝ ነው። አንድ ጥያቄ ያዢና እሱን እየተከተልሽ አንብቢ። ለምሳሌ «የከተማው ሰው ማን ነው? ባዕዱስ?» የሚለውን። በሐዋርያት ሥራ ውስጥ ሻለቃው ጳውሎስን ሊያስገርፍ ሲል ጳውሎስ ሮማዊ መሆኑን ይነግረዋል። ሻለቃው ዜግነቱን በብዙ ገንዘብ እንዳገኘ ሲናገር፣ ጳውሎስ ደግሞ ይዞት እንደተወለደ ይመልሳል። ይህን ስንት ጊዜ ሰምተሻል? መምህርሽ ስለ ሮም ዜግነት ሲያስተምር የሚያወራው ስለዚሁ ነው። በ212 ንጉሠ ነገሥት ካራካላ በግዛቱ ላሉት ነጻ ሰዎች ሁሉ፣ ከጥቂቶች በቀር፣ ዜግነት ሰጠ፤ አቴና በሩን ስታጠብ ሮም እያሰፋች የሄደችው ለምን ይመስልሻል? ከዚያ ረጅም መንገድ አለ፤ የ1789ኙ የፈረንሳይ የሰውና የዜጋ መብቶች አዋጅ፣ ያንን አዋጅ ሰምተው «እኛስ?» ብለው የተነሡት የሄይቲ ባሪያዎች፣ ከአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በኋላ በ1868 የጸደቀውና በዚያች ምድር የተወለደ ዜጋ ነው የሚለው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ። ኮርስሽ እስከዚያ አይደርስ ይሆናል። በቤትሽ ግን ከእናንተ ጋር የመጣና እዚያው የተወለደች ሁለት ልጆች አሉሽ፤ የፔሪክልስ ጥያቄ በእራት ገበታሽ ላይ ተቀምጧል።

ስለ ስሞቹ ደግሞ ልንገርሽ፤ ምክንያቱም እኔም አንድ ጊዜ በእንግሊዝኛ ለተዘጋጀ ሥልጠና ተልኬ ሙሉ ጠዋት «ክሪሶስቶም» ማን እንደሆነ ሳላውቅ ማስታወሻ ስይዝ ነበር። ከሰዓት በኋላ ነው ዮሐንስ አፈወርቅ መሆኑን የነቃሁት። ዐረፍኩ፤ ሳቄም መጣ። አንቺም ያላወቅሻቸው ከሚመስሉሽ ሰዎች ብዙዎቹን በሌላ ስም ታውቂያቸዋለሽ። አሌግዛንደር እስክንድር ነው። ፕሌቶ አፍላጦን፣ ዳዮክሊሽን ደግሞ የዘመነ ሰማዕታቱ ዲዮቅልጥያኖስ ነው። ኮንስታንቲን ቆስጠንጢኖስ ነው፤ እናቱ በየዓመቱ ደመራ የምንደምርላት ንግሥት እሌኒ ናት። አታናሲየስ አትናቴዎስ ነው፤ ፍሬምናጦስን፣ ማለትም አባ ሰላማን፣ ለአክሱም ጳጳስ አድርጎ የሾመው እሱ ነው። በኋላ የሮማው ንጉሠ ነገሥት ቆንስታንትዮስ ለኢዛናና ለሳይዛና ደብዳቤ ጽፎ ፍሬምናጦስን መልሳችሁ ላኩልኝ ብሏል፤ ያንን ደብዳቤ ለታሪክ ያቆየልን ራሱ አትናቴዎስ ነው። ስለ 325ቱ የኒቅያ ጉባኤ ስትማሪ ልጆቹ «አርየስ» የሚባለውን ሰው ሲሸመድዱ አንቺ ሠለስቱ ምዕትን ታስቢያለሽ፤ ጸሎተ ሃይማኖትንማ በቃልሽ ትወጪዋለሽ።

ስለዚህ አንድ ደብተር ለዪና ገጹን ለሁለት ክፈዪው። በግራ መጽሐፉ የሚጠራበትን ስም፣ በቀኝ እኛ የምንጠራበትን ጻፊ። ቀኝ እጁ ባዶ የሚቀርባቸው ስሞች አዲስ የምታጠኚያቸው ናቸው፤ ከፈራሽው ያነሱ መሆናቸውን ታያለሽ። ደግሞ ያለፈውን ዓመት የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ ካልጣልሽው ጀርባውን ገልብጪና ረጅም መስመር አስምሪበት። መካከል ላይ ልደትን አድርጊ። ከግራ ያሉት ዓመታት ወደ ልደት ሲቀርቡ እያነሱ ይመጣሉ፤ ዜሮ ዓመት የለም፣ ከ1 ወደ 1 ነው የሚሻገረው። ሁለቱን 451ዎች በሁለት ቀለም ጻፊያቸው። ከእንግዲህ አትሳሳቺም።

ቀን መቁጠሪያውን ሳትገለብጪው በፊት ግን ልጅሽን ጥሪውና ፻ን አሳዪው። ከላይና ከታች ያሉትን ሰረዞች በጣትሽ ጋርጂ። የቀረው «ሮ» የሚባለው የግሪክ ፊደል ነው፤ ግሪኮች መቶን የሚጽፉት በእሱ ነበር። ፲ም እንዲሁ «ዮታ» ነው፤ ለእነሱም 10 ነው። የግእዝ ቁጥሮች በአክሱም ዘመን ከግሪክ የተወሰዱ ናቸው። ፊደሉ ግን ሌላ ነገር ነው። «አልፋ፣ ቤታ፣ ጋማ፣ ዴልታ» ይበልሽ፤ አንቺ «አልፍ፣ ቤት፣ ገምል፣ ድንት» በዪው። እኛ ከግሪክ አልወሰድነውም፣ እነሱም ከእኛ አልወሰዱም፤ ሁለታችንም በተለያየ መንገድ ከአንድ ጥንታዊ የሴም ፊደል ወርሰነዋል። «ቤታ» በግሪክኛ ከፊደል ስምነት ሌላ ትርጉም የለውም፤ ልጅሽ ግን በአማርኛ ቤት ምን እንደሆነ ያውቃል። «ዐይን» የምንለውን ዐ ደግሞ እዪው፤ ክብ ነው፣ እንደ ዓይን። የእነሱ «ኦ» የመጣው ከዚያው ዐይን ከሚባል ክብ ፊደል ነው። የ15 ዓመት ልጅ በእናቱ ውጤት ይስቃል፤ ዕድሜው ነው። ይህን ካየ በኋላ ጥያቄ እያወጣ እንዲፈትንሽ አድርጊው፤ ሲስቅብሽም ያጠናል።

የማኅበር እህትሽን በክፉ አላያትም። የምትፈራልሽ እንዳትጠፊ ነው። ብትጠይቅሽ ግን ቅዳሴ ባስልዮስ የምንቀድስበት አባት የተማረው የት እንደሆነ ጠይቂያት። አቴና ነው፣ ጣዖት አምላኪ ከሆነ መምህር እግር ሥር ጭምር። እንዲያውም ወጣቶች ከግሪክ መጻሕፍት እንዴት እንደሚጠቀሙ ጽፎላቸዋል፤ ንብ ከአበባ የሚጠቅማትን ወስዳ ሌላውን እንደምትተወው ውሰዱ ይላል። እውነቱን ለመናገር ይህ ምክር ለኮርሱም ይሠራል። «የምዕራብ ሥልጣኔ» የሚባለው ትምህርት ከሰማይ የወረደ አይደለም። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ማግስት፣ በ1919፣ በኒውዮርኩ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረ ኮርስ ለብዙዎቹ አርአያ ሆኖ ነው በአሜሪካ ኮሌጆች የተስፋፋው። ከአቴና ተነሥቶ በሮም አልፎ ለንደንና ኒውዮርክ የሚደርስ አንድ ወንዝ እንዳለ አድርጎ የሚሥለው ሰው ነው። ወንዙ ግን ብዙ ገባር አለው። አርስጣጣሊስ ባግዳድ ውስጥ በዐረብኛ ተተርጉሞ፣ በ12ኛው መቶ ዘመን ከስፔኗ ቶሌዶ በላቲን ወደ አውሮፓ ተመልሷል። ከዚያው የዐረብኛ ምንጭ በ16ኛው መቶ ዘመን መጽሐፈ ፈላስፋ ወደ ግእዝ ተተረጎመ፤ የአፍላጦንና የሶቅራጥስ ናቸው የሚባሉ አባባሎች በዚያ አሉ።

ከተቃራኒው ጉድጓድም ተጠንቀቂ። ሁሉ ነገር የእኛ ነበር፣ ግሪኮች ሰረቁን የሚልሽ ሰው በማኅበሩም በስልክሽም አይጠፋም። እኔ ለ11 ዓመት የግሪኩ ባለቅኔ ሆሜር «ነቀፋ የሌለባቸው ኢትዮጵያውያን» ያለው እኛን ነው እያልኩ ደረቴን ነፍቼ አስተማርኩ። አንድ ቀን ከኋላ የሚቀመጥ ዝምተኛ ልጅ እጁን አውጥቶ «መምህርት፣ ያኔ አክሱም ተቆርቁራ ነበር?» አለኝ። አልነበረችም። ግሪኮች በዚያ ስም የሚጠሩት ከግብፅ በስተደቡብ ያለውን ጥቁር ሕዝብ፣ በተለይም በዛሬዋ ሱዳን የነበረውን የኩሽን ሕዝብ ነበር። ስሙን ለራሳችን የወሰድነው በኋላ ነው፤ በኢዛና የድንጋይ ጽሑፍ በግእዝ «ሐበሠት» የተባለው በግሪክኛው «ኢትዮጵያውያን» ተብሏል። ይኸኛው እውነት ስለሆነ ይበልጥ ያምራል። መምህሩ ሆሜርን ሲያነሣ እጅሽን ለማውጣት አትቸኩዪ።

ባለቤትሽን በተመለከተ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። «ታሪክ እንጀራ አይሆንም» ሲል የሚያወራው ስለ ታሪክ ነው? ወይስ አንቺ ሌሊት ሠርተሽ ቀን ስትማሪ በቤቱ ላይ የወደቀው ሥራ ከብዶት፣ ብትወድቂ ደግሞ ሁለተኛ እንዳትከፍሉ ፈርቶ ነው? ስለ አቴና አትከራከሪው። ቁጭ በሉና ኮርሱ ስንት ሳምንት እንደቀረው፣ በሳምንት ስንት ሰዓት እንደሚያስፈልግሽ፣ በእነዚያ ሰዓቶች ትንሿን ማን እንደሚይዛት ተነጋገሩ። ምናልባት የሚፈልገው መጨረሻውን ማየት ብቻ ይሆናል። ደስ እንደሚልሽስ ነግረሽዋል? ለእኔ ነው የነገርሽኝ። እሱ የሚያየው ፊትሽ ጠቁሮ መጽሐፍ ስትሸከሚ ነው።

አሁን ልተወው ወይስ ልቀጥል ወዳልሽው። መተው ነውር አይደለም። በአብዛኞቹ ኮሌጆች በጊዜው ያቋረጥሽው ኮርስ አማካይ ውጤትሽን አይነካም። ነገር ግን የትምህርት ገንዘብ ድጋፍ የምታገኚ ከሆነ የተቋረጠ ኮርስ እንደተወሰደና እንዳልተጠናቀቀ ተቆጥሮ ድጋፉን ሊጎዳው ይችላል፤ ይህን ከድጋፉ ቢሮ ሳታረጋግጪ ምንም ወረቀት አትፈርሚ። መምህሩን ደግሞ በግልጽ ጠይቂው፤ ይህ ፈተና ከጠቅላላው ስንት እጅ ይይዛል፣ ስንት ይቀራል፣ ከአሁን ወዲያ ስንት ባገኝ አልፋለሁ? መልሱን ይዘሽ አስዪው። ቁጥሩ የማይደረስ ከሆነ ያለ ኀፍረት ተዪውና በሚቀጥለው ጊዜ ግቢበት። የሚደረስ ከሆነ ግን፣ እኔ በአንቺ ቦታ ብሆን እቀጥል ነበር። ኮሌጁ ውስጥ ድርሰት የሚያግዙ ሰዎች ያለ ክፍያ ይኖራሉ፤ ለሚቀጥለው ፈተና የጻፍሽውን አስቀድመሽ አሳዪያቸው። አንቺን የጎዳሽ አለማወቅ አይደለም፤ ጥያቄውን ሳታነቢ መሮጥ ነው፣ እሱም በልምምድ ይታረማል።

አንዲት ነገር ግን አጓጉታኛለች፤ ደወሉ ሲጮህ የትኛው ገጽ ላይ ነበርሽ? ሶቅራጥስ በዳኞቹ ፊት ሲናገር ነው? ወይስ ጓደኛው ከእስር ቤት ሊያስመልጠው መጥቶ ሶቅራጥስ «አልሄድም፣ በዚህች ከተማ ሕግ ነው የኖርኩት» ሲል? ከተማዋን ጥሎ ከመሄድ ሞትን የመረጠ ሰው፣ አገሯን ጥላ ለልጆቿ በሄደች ሴት ልብ ውስጥ ምን እንደሚያንኳኳ እገምታለሁ። የሚቀጥለውን ድርሰትሽን በዚያ ጀምሪው። አረጋውያኑንም አትቀየሚያቸው፤ ደወሉን መልሰሽ ስትመጪ ገጹ ይጠብቅሻል።

ወደ መምህሩ ስትሄጂ የፈተናውን ወረቀት ያዢ። «ከየት አገኘሽው?» ብሎ በቃል ደግሞ ከጠየቀሽ ስንክሳር በዪው፣ መስከረም 7። ማንበብ ከፈለገ ዋሊስ በጅ የተባለ እንግሊዛዊ በ1928 በአራት ቅጽ ወደ እንግሊዝኛ ተርጉሞታል፤ የኮሌጁ ቤተ መጻሕፍት ከሌላ ቦታ ተውሶ ያመጣለታል።